ልጄ «ሠዓሊ»ን በንጉሡ ሠ ጽፎ ወደቀ፣ እኅቱ በእሳቱ ሰ ጽፋ አሸነፈች፤ ምን ልበላቸው?

እናት ከብቸና
ቅዳሜ፣ ማታ 3:10

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ወዳጆች። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ልጆቹ ጀርባና ጀርባ ሰጥተው ተኝተዋል፤ እንዲህ ሲተኙ አይቻቸው አላውቅም።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ታላቋን ሚጡ፣ ታናሹን አቡሽ እንበላቸው። እሷ 6ኛ፣ እሱ 5ኛ ክፍል ናቸው። ትምህርት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ቤት ሲውሉ ያስተማራቸው አባቴ ነው። አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። ደብተር ሲያልቅብን ሳንቃ ላይ በከሰል እየጻፈ «ይህ ሃሌታው ሀ፣ ይህ ሐመሩ ሐ፣ ይህ ብዙኃኑ ኀ» ሲላቸው እኔ ስፌት ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። በቆሎ ሲፈለፍሉ እንኳ አይተዋቸውም፤ «ፀሐይ በየትኛው ነው? ኀይልስ?» ይላቸዋል። የመለሰ እሸት ይሸለማል።

ዛሬ ትምህርት ቤታቸው የቃል ጽሕፈት ውድድር ነበር። ከ5ኛና ከ6ኛ የተመረጡ 14 ልጆች አንድ ላይ ቀረቡ። ጠዋት የእንግሊዝኛው ስፔሊንግ በቃል፣ ከዚያ የአማርኛው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ። እኛ ወላጆች ከክፍል በወጡ ዴስኮች ላይ ዋንዛው ጥላ ሥር ተቀመጥን።

በእንግሊዝኛው ሁለቱም ቶሎ ወጡ። አቡሽ «ኔሰሰሪ» ተባለና «ኤን፣ ኢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤ፣ አር፣ ዋይ» አለ፤ አንድ ኤስ ጎደለችው። እየሳቀ ተቀመጠ፣ እኔም አልከነከነኝም።

አማርኛው ሲጀመር ግን ሌላ ልጆች ሆኑ። አንድ ልጅ ከተሳሳተ ያው ቃል ለቀጣዩ ይሰጣል። «ዓመት» መጣ፣ «ንጉሥ» መጣ፣ «ጸሎት» መጣ። ሁሉንም አባቴ እንዳስተማራቸው ጻፉ፣ ሁሉም ልክ ተባለላቸው። ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ ሦስት ቀሩ። ሦስተኛዋ ስትወጣ ሰሌዳው ፊት የቀሩት የእኔ ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

ይህን የደረሰባት እናት ካለች ትረዳኛለች። አጠገቤ ያሉት ሴቶች «ታድለሽ፣ ማንም ቢያሸንፍ ቤትሽ ነው የሚገባው» ይሉኛል። እኔ ግን ሆዴ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ለማን ልጸልይ? እሱ ሲጽፍ በእሱ እጅ እጽፋለሁ፤ ዞር ብዬ እሷ ከንፈሯን ስትነክስ አያለሁ። የነጠላዬን ጥለት ስጠቀልል ስፈታ ክሩን አላላሁት። አንድ ጊዜ ሁለቱም ቢወድቁና ይዤያቸው ብሄድ ብዬ ተመኘሁ፤ ይህን ለማንም አልነገርሁም።

ከዚያ ቃል አንባቢው «ሠዓሊ» አሉ። አቡሽ ሳያመነታ በንጉሡ ሠ ጻፈ። ዳኛው ወረቀታቸውን አዩና «ስህተት» አሉ። ልጄ ጽሑፉን መልሶ አየው። «ልክ ነው እኮ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሰሌዳው ተጠረገና ጠመኔው ለእኅቱ ተሰጠ።

ሚጡ ወንድሟን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። ቀና ስል «ሰዓሊ» ብላ በእሳቱ ሰ ጽፋ ነበር። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ።

ሽልማቷ አንድ ደርዘን ደብተር ነው፤ መደቡ ላይ አስቀምጣው አልነካችውም። አቡሽ ራት ላይ «አባባ ዋሽቶናል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሷ ደግሞ መብራት ሳጠፋ «እማ፣ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው የጻፍሁት። ይህ ሌብነት ነው?» አለችኝ። ለሁለቱም መልስ አልሰጠሁም። አባቴ ሰኞ ይመጣል። ምን ልበላቸው? ያን ጊዜስ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ?

---

ጮቄ ሥር
ቅዳሜ፣ ማታ 3:42

እታለም፣ አይዞሽ። ሁለት ልጅ እስከ መጨረሻው ማድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በአማርኛ ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ። ጋዜጣውም ማስታወቂያውም «ሰዓሊ» እያለ ይጽፋል፣ ማንም ሳይቸገር ያነባል። ስለዚህ ወንድሟም ልክ ነው፣ እሷም ልክ ናት። ስህተቱ አንዱን ልክ፣ አንዱን ስህተት ያለው ዳኛ ነው። ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸውና ይረፉ።

---

የዲማ ተማሪ የነበረ
ቅዳሜ፣ ማታ 4:15

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትሽን ከሩቅ ሳሚልኝ። እኔም እዚያው ግቢ በደበሎ አድሬ ቁራሽ እየለመንሁ ተምሬአለሁ፤ ምናልባት እንተዋወቅ ይሆናል።

የጮቄው ወንድማችን «ሁለቱም ልክ» ያለውን ግን እንዳለ አልቀበለውም። በግእዝ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሠዐለ በንጉሡ ሠ ሲሆን ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሠዓሊም ከእሱ ይወጣል። ሰአለ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲሆን ለመነ ማለት ነው፤ «ሰአሊ ለነ» ስንል «ለምኚልን» ማለታችን ነው። ሰዐለ በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ ከሆነ ግን አሳለው፣ ሳል ያዘው ማለት ነው። ስለዚህ ዳኛው ልክ ያሉት ጽሑፍ በግእዝ ሲነበብ ሥዕል የሚሥለውን ሳይሆን የሚያስለውን ሰው ነው የሚጠራ። ልጅሽ የጻፈው ከሥሩ የመጣ ነው፤ አያቱም አልዋሸውም። ይህን ነገ ሳይሆን ዛሬ ንገሪው፤ ልጅ በአስተማሪው ላይ እምነት ካጣ ሌላውን ሁሉ ይጠራጠራል።

የፊደሎቹ ስም ራሱ መማሪያ ነው። «ንጉሡ» ስትይ ንጉሥ የሚጻፍበትን ትነግሪዋለሽ፤ «ፀሐዩ ፀ»፣ «ጸሎቱ ጸ»፣ «ዐይኑ ዐ» ሁሉም እንዲሁ ነው። ሐመር ማለት መርከብ ነው፣ «ሐመሩ ሐ»ም ከዚያ ነው። እኛ በልጅነታችን መዝገበ ቃላት አልነበረንም፤ የያዝነው በዚህ ነው።

ስለ ሴት ልጅሽ የምናገረው አለኝ፤ ግን መጀመሪያ ሌሎቹ ይናገሩ።

---

እናት ከብቸና
ቅዳሜ፣ ማታ 4:31

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲያነቡልኝ የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አቡሽን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነግረዋለሁ። የእሷ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ።

---

ዳንግላዊት
እሑድ፣ ጠዋት 1:20

እኅቴ፣ አትቀየሚኝና በግልጽ ልንገርሽ። መነሣት ነበረብሽ። ልጁ «ልክ ነው እኮ» ሲል ከእሱ ጋር የሚቆም አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። ሚጡ አንቺን ያየችሽ ለዚያ ነው። አንቺ ዓይንሽን ስትጥይ እሷ ብቻዋን ወሰነች። የ12 ዓመት ልጅ ብቻዋን መወሰን የሌለባትን ነገር ነው የተውሽላት።

ይህን የምልሽ እኔም አድርጌው ስለማውቅ ነው። ልጄ በሒሳብ ጥያቄና መልስ ላይ ትክክለኛ መልስ ሰጥታ ሲቀነስባት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ያን ቀን እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። ዳኛውን አታነሣም፣ የምታነሣው እኔን ነው።

---

መምህር ከሞጣ
እሑድ፣ ረፋድ 4:05

ከዳኛው ወንበር በኩል ልናገር። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ውድድር ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ዳኛ የሚይዘው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሌላ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ መጽሐፍ «ንጉሥ»ን፣ ከሌላው «ሰዓሊ»ን ገልብጦ ይሆናል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ አንዴ የአያቱን፣ አንዴ የጋዜጣውን አጻጻፍ የተከተለው። ዳኛው በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ግን ልጁ «ልክ ነው» ሲል ቆም ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አጥፍቻለሁ፤ ልጁ አሁን የት እንዳለ ባውቅ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

እኅታችን በቀላሉ ያለፈችውን የኤስ ነገር ግን እኔ ሙያዬ ስለሆነ አላልፈውም። የእኛ ልጆች ድርብ ፊደል የሚጥሉት ስለማያጠኑ አይደለም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ የልደት በዓሉም «እስካሁን አልሆነም» የምንልበትም አንድ ነው። «ዋና» ብንጽፍ ውኃ ውስጥ የሚዋኘውም መሪውም ያው ነው። አጥብቆና አላልቶ ማንበብ የአንባቢው ሥራ ነው። እንዲህ ለምዶ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ሁለተኛዋን ኤስ ምን እንደምትሠራ አይገባውም፤ የባሰው ደግሞ እንግሊዝኛው ራሱ ድርቧን ሲያነባት አያጠብቃትም። ስለዚህ በጆሮ አትገኝም፣ በዓይን ነው የምትያዝ። እኔ ለተማሪዎቼ ቃሉን ጽፈው ድርቧን በቀይ እንዲያከብቧት አደርጋለሁ፤ ከቃል ሽምደዳ የተሻለ ይሠራል።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ልጆቹን ይዘሽ ትምህርት ቤት ሂጂ። ውጤት ለማስቀየር ሳይሆን «ቀጣይ ጊዜ ዝርዝሩ አስቀድሞ ይለጠፍ» ለማለት።

---

ከአባይ ማዶ የራቀ
እሑድ፣ ከሰዓት 9:48

የማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ እዚህ ትምህርት ቤቷ ስፔሊንግ ቢ ላይ ስለገባች ደንቡን ለማንበብ ተገድጄ ነበር፤ መምህሩ ያሉትን ያጠናክራል ብዬ ነው።

እዚህ አገር አቀፉ ውድድር የተጀመረው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው አሸናፊ የ11 ዓመት ልጅ ሲሆን ያሸነፈበት ቃል «ግላዲዮለስ» የምትባል የአበባ ስም ነበረች። በ2019 ደግሞ ስምንት ልጆች አንድም ሳይሳሳቱ ሌሊቱ ገፋ፣ አዘጋጆቹ የሚጥል ቃል አጡና ስምንቱንም አሸናፊ አሏቸው። ማንም አልከሰረም። እኅቴ ልጆችሽ ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ሳስበው ትዝ ያለኝ ያ ነው።

ዋናው ግን ይህ ነው፦ የትኛው አጻጻፍ ልክ እንደሆነ የሚዳኝ አንድ መዝገበ ቃላት አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሜሪያም ዌብስተር ትልቁ። ዳኛውም ልጁም ወላጁም ያውቀዋል። ልጁ ቃሉ ሲሰጠው ትርጉሙን መጠየቅ ይችላል፣ በዓረፍተ ነገር ይግባልኝ ማለት ይችላል፣ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣም መጠየቅ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው፤ ከግሪክ ነው ከተባለ ልጁ ምን ዓይነት ፊደል እንደሚጠብቀው ይገምታል። ቅሬታም በደንብ ይቀርባል። አቡሽ «ትርጉሙ ምንድን ነው? ከግእዝ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቢፈቀድለት ዳኛው ራሳቸው ወረቀታቸውን ደግመው ያዩት ነበር።

እዚህ ያሉ የእኛ ልጆች እንግሊዝኛውን ያለ ችግር ይጽፋሉ፤ ሀ እና ሐን የሚለይ ግን አንድ አላጋጠመኝም። የአቡሽን ነገር ሳነብ አነባሁ።

---

ጮቄ ሥር
እሑድ፣ ከሰዓት 10:20

የዲማው አባታችን ስለ ሳሉ የጻፉትን አላውቅም ነበር፤ ተምሬአለሁ። አሁንም ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። አያት የሌለው ልጅስ? በውድድሩ የነበሩት ሌሎቹ 12 ልጆች ቤታቸው ሃሌታና ሐመር የሚላቸው ሰው ከሌለ የግእዙን ሥር ከየት ያመጡታል? እነሱ «ሰዓሊ» ብለው ቢጽፉና ቢጣሉ ያም በደል ነው።

---

የዲማ ተማሪ የነበረ
እሑድ፣ ማታ 12:35

እውነትህን ነው፤ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ያልተማረውን ልጅ ባልተማረው መጣል አይገባም። ለውድድር ሲሆን ሁለቱንም ይቀበሉ፤ በክፍል ውስጥ ግን ሥሩን ያስተምሩት። እኔ የምፈራው የማያውቅ ልጅ እንዲህ መጻፉን አይደለም፤ የሚያውቀው እንዲህ እንዲጽፍ መገደዱን ነው።

ስለ ሚጡም ያቆየሁት ይኸው ነው። ሌብነት አይደለም። የተጠየቀችው «ዳኛው የያዙት ምንድን ነው?» ነበርና እሱን መለሰች። ጥሩ ልጅ ስለሆነች ግን ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ አልጠፋትም። ኃጢአት አድርጋ አትቁጠረው፤ ከብዷት መጠየቋን ግን አታቅልይባት። «ምንም አይደለም፣ ተኚ» አትበያት።

---

እንጅባራ
እሑድ፣ ማታ 2:02

ከአዊ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ልጆች በታችኛው ክፍል የሚማሩት በአውኚ ነው፤ በዚሁ በግእዝ ፊደል ይጻፋል። ግን አማርኛ የሌለው ድምፅ ስላለን ጘ፣ ጙ፣ ጚ፣ ጛ ብለን የምንጽፈው ቤት አለን፤ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። ልጄ በአማርኛ ውድድር ላይ ብትገባ የራሳቸው ድምፅ የሌላቸው ትርፍ ፊደላት ይጠብቋታል፤ በቋንቋዋ ግን ትርፍ ፊደል የለም፣ እያንዳንዱ ይነገራል። ለእሷ ሠ እና ሰ አንድ ናቸው ማለት አይከብዳትም፤ ለምን ሁለት እንደሆኑ ማስረዳት ነው የሚከብደኝ። የዲማው አባት የጻፉትን ገልብጫለሁ፣ ነገ አነብላታለሁ።

---

እናት ከብቸና
ማክሰኞ፣ ማታ 3:25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዳንግላዊት፣ አልተቀየምሁሽም። ቃልሽን ሁለት ቀን ይዤው ዋልሁ።

አቡሽን እሑድ ዕለት ቁጭ አድርጌ የሦስቱን ቃላት ልዩነት አነበብሁለት። የሚያስለው ሰውዬ ጋ ሲደርስ ሳቀ። ከዚያ ግን «ታዲያ ለምን አልተናገርሽልኝም?» አለኝ። «ፈርቼ ነው» አልሁት። ዝም አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ኳስ ተጫወተ።

ሰኞ አባቴ መጣ። ሁሉንም ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ሚጡን ጠርቶ ሳንቃውን አስመጣና «የዳኛውን ጻፊልኝ» አላት። ጻፈች። «የወንድምሽን ጻፊልኝ» አላት። ጻፈች። «ጠመኔው እጅሽ ሲገባ ሁለቱንም አውቀሽ ነበር?» አላት። አዎ አለች፣ ዕንባዋ መጣ። «እንግዲያ አውቀሽ የጻፍሽው ነው፤ አውቆ የጻፈ ማረም ይችላል» አላት እና ሌላ ነገር አልጨመረም። ቡናው ሲፈላ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ዛሬ ሁለቱንም ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳኛ የነበሩት መምህር ቢሮ ገባን፤ ውጤት ልንቀይር እንዳልመጣን አስቀድሜ ተናገርሁ። ለመናገር አፌን ስከፍት ሚጡ ቀደመችኝ። «መምህር፣ አቡሽ የጻፈው ልክ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር» አለች። መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀት አወጡና «ጻፉልኝ» አሏቸው፤ ሦስቱን ቃላት ከነትርጉማቸው አቡሽ ጻፈ፣ እሷ አነበበች። መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው መስተዋት ሥር አስገቡት። ውጤቱ ያው ነው፤ ለሚቀጥለው ግን ዝርዝሩ ሳምንት ቀድሞ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ሁለት አጻጻፍ ያለውም በሁለቱም እንዲታረም ለርእሰ መምህሩ እንደሚያቀርቡ ነገሩን። ልጆቹ ትርጉም መጠየቅ ይፈቀድላቸው የሚለውንም ጨመርሁ፤ ከሜሪላንድ የጻፍህልን ወንድሜ፣ ያንተ ነው።

ስንመለስ ከእኔ ቀድመው ሄዱ። ደብተሮቹ አሁንም መደቡ ላይ ናቸው፤ አንዱ ግን ተከፍቷል፣ መጀመሪያ ገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ ነገር አይቻለሁ።

አሁን መብራት አጥፍቻለሁ። አቡሽ ከወዲያ «ሚጡ፣ ኔሰሰሪ ስንት ኤስ አለው?» ሲል ይሰማኛል።

«ሁለት።»

«ሲውስ?»

«አንድ። ተኛ አሁን።»